ወረፋ የሌለበት ውሃ

ከቤት የወጣሁ ዕለት እናቴ አልሸኘችኝም፤ የውሃ ወረፋ ላይ ነበረች። ባቡሩ እኩለ ቀን ላይ ሲቆም ሰው ሁሉ በርሜሉን እያንከባለለ ወደ ውሃው ፉርጎ ሮጠ፣ እኔ ደግሞ ሻንጣዬን ተሸክሜ ሦስተኛ ማዕረግ ገባሁ። በመስኮት ብጠራት «ሂድ በቃ፣ ተራዬ ሊያልፍ ነው!» ብላ እጇን አወናጨፈችብኝ። አልደብቃችሁም፣ ተናድጄ አለቀስኩ።

ድሬዳዋ ላላችሁ ዘመዶቼ መንደራችንን ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ ሌላው አንባቢ ግን ካርታ ላይ ቢፈልጋት አያገኛትም። ሐዲዱን ከዘረጉት ሰዎች መሄጃ ያጡት ሥራው ሲያልቅ እዚያው በረሃ ላይ ቀሩ። አያቴ ከነሱ አንዱ ነበር። ከተጣለ የሐዲድ እንጨትና ከቆርቆሮ ጎጆ ሠሩ፤ ጉራጌው፣ ኢሳው፣ አርጎባው፣ ከየመን የመጣው ሁሉ እዚያው ተጋባ። ስም ያወጣላት ስለሌለ በኪሎሜትር ቁጥሯ ነው የምትጠራው። ጉድጓድ ቢቆፈር ጨዋማ ውሃ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ የምንጠጣው እንደ ደብዳቤ በባቡር ይመጣልናል። ባቡር ከዘገየ ሠርግም ይዘገያል።

እኔ ያደግሁት ከፉርጎው ውሃ የሚስበውን የፓምፕ ሞተር ስፈታና ስገጥም ነው። የባቡሩ ምልልስ እየሳሳ ሲሄድ ሥራውም ሳሳ። አዲሱ የጋምቤላ ክልል መካኒክ ይፈልጋል ሲባል ተመዘገብኩ፤ እናቴንም ቤት እንደያዝኩ እንደምወስዳት ነገርኳት። እሷ በርሜሏን ማጠቧን አላቋረጠችም።

ጎሬን አልፈን አውቶቡሱ ቁልቁል ሲወርድ ሙቀቱ ፊቴን መታኝና አገሬ የገባሁ መስሎኝ ደስ አለኝ። ደስታዬ ድልድዩ ላይ አለቀ። ያ ሁሉ የባሮ ውሃ ማንም ሳይሰለፍለት ዝም ብሎ ይፈሳል! ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፣ ሰዎች ይዋኛሉ፣ እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሙቀቱም ቢሆን የኛ አይደለም። የኛው ላብህን ያደርቅልሃል፤ የዚህኛው ሸሚዝህ ላይ ትቶልህ ይሄዳል።

ቅጥር ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ነገር አዲስ ነው፤ ማኅተሙ፣ ወንበሩ፣ ፎርሙ።

«ሪጅን?» አለኝ ጸሐፊው።

«ባቡር መንገድ ላይ ነው የተወለድኩት።»

«ባቡር ሪጅን አይደለም፣ ወንድሜ። ወረዳ?»

«ወረዳውን እንጃ። ኪሎሜትሩን ግን አውቀዋለሁ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ብሔረሰብ?»

«አባቴ ጉራጌ፣ እናቴ አርጎባ፣ የአባቴ እናት ደግሞ…»

«ቦታው አንድ ነው» አለ ጠባቡን ሣጥን በጣቱ እየመታ። «አንተ ብዙ ነህ።»

በመጨረሻ «ሌላ» ብሎ ጻፈኝ። እኔም ሳቅሁ፣ እሱም ሳቀ። ከወጣሁ በኋላ ግን ዛፍ ሥር ብዙ ቆምኩ፤ እንደዚያ ተብዬ አላውቅም ነበር።

ኒውላንድ በሚባለው የኑዌሮች ሰፈር ማማ ኛማል የተባለች ሴት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት በርሜል ገዝቼ ከባሮ እያመላለስኩ ጢም አድርጌ ሞላሁ። ማማ ኛማል በርሜሎቹን ዞራ ዞራ አየቻቸው።

«ይሄ ለምን?»

«ውሃው አንድ ቀን ቢቀርስ ብዬ ነው።»

የበሩን መቃን ይዛ ሳቀች፤ ጎረቤቶቿንም ጠርታ በቋንቋቸው አሳቀቻቸው። «ባሮ የት ይሄዳል? እግር አለው? አንተ ሰው፣ ትንኝ ታረባለህ። ድፋ!»

ልደፋ ብሞክርም እጄ አልታዘዝ አለ። ውሃ መድፋት እኛ ዘንድ ነውር ነው። በሦስተኛው ሳምንት ወባ ጣለኝ። ማማ ኛማል የዓሣ መረቅ እያጠጣች አስታመመችኝ፤ ቀና ስል በርሜሎቼ ግቢው ውስጥ ተገልብጠው አገኘኋቸው።

ሰዉ ክፉ ሆኖብኝ አይደለም። በቋንቋቸው «ማሌ» ብዬ ሰላም ስላቸው ደስ ብሏቸው ይመልሱልኛል፣ ከዚያ ወደ ጨዋታቸው ይመለሳሉ። እኔ ከሥራ በኋላ የምቀመጥበት ሰው አጣሁ። ብቸኝነት እንዲህ እንደሚያደክም አላውቅም ነበር። ለእናቴ አልጋ ገዛሁ፣ አጎበር ሰቀልኩ፣ ብዙ ቀን ያን ባዶ አልጋ እያየሁ ራቴን በላሁ።

ዓመት ሲሞላኝ በደብዳቤ የስልክ ቀጠሮ ያዝን፤ እሷ በባቡር ድሬዳዋ ሄዳ ስልክ ቤት ጠበቀችኝ።

«እማዬ፣ አልጋሽ ተዘጋጅቷል። ወንዙ ደጃችን ነው። ወረፋ የሚባል ነገር የለም!»

«ወረፋ ከሌለ ሰው የት ይገናኛል?»

የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

«እውነቴን ነው። እኔና አባትህ የተያየነው ተራ ስንጠብቅ ነው። ጎረቤታችን ከድጃ ልጇ ሲሞትባት እዚያው በርሜሏ ላይ እንደተቀመጠች አስተዛዘንናት። አንተስ በዓመቱ ማንን አወቅህ?»

«ማማ ኛማልን።»

«ከሷ ሌላስ?»

«ሌላ» ብሎ የጻፈኝን ጸሐፊ ልጠቅስላት አሰብኩና አፈርኩ።

«እማዬ፣ ባቡሩ እኮ እየቀረ ነው። ጭራሽ ቢቀርስ?»

«የቀረ ቀን አብረን እንጠብቃለን» አለች። «እኔን የሚያሳስበኝ ያንተ ብቻህን ውሃ መጠጣት ነው።»

ኦፕሬተሯ መሀል ገብታ ሦስት ደቂቃው ማለቁን ነገረችን፤ ይጨመር ወይ አለች። ይጨመር አልኩ። በተጨመረልን ጊዜ እኔም አልለመንኳት፣ እሷም አልመከረችኝ። ወረፋ ላይ አብረን እንደቆምን ሁሉ ትንፋሿን እየሰማሁ ደቂቃው አለቀ።