ከሽንኩርቱ መደብ ሥር

ልብስ ሰፊዋ ባሏን ከቀበረች ሁለተኛው በጋ ሲገባ ጓሮዋን ልታስነጥፍ ቆረጠች። ባሏ ግንበኛ ነበር። የስንቱን ግቢ ድንጋይ ሲያነጥፍ ኖሮ፣ የራሱን ጓሮ በዝናብ ጭቃ፣ በፀሐይ አቧራ እንደሆነ ትቶት ሄደ። በሕይወት ሳለ በዚህ የማይነታረኩበት ሳምንት አልነበረም።

«የሰውን ግቢ አልብሰህ የራስህን ራቁቱን አስቀረኸው!» ትለዋለች።

«አንቺስ? ያገሩን ልብስ እየሰፋሽ የኔ ሸሚዝ ቁልፍ ከረገፈ ስንት ዘመኑ?» ይላታል እየሳቀ። «ግድ የለሽም፣ አንድ ቀን እዚህች ጎን ለጎን ተቀምጠን ጀንበር ስትጠልቅ እናያለን።»

ያቺ አንድ ቀን ሳትመጣ ታመመ፤ እንደተኛም ቀረ። አሁን ስፌቷን ስትጨርስ የጓሮው በር ላይ ትቆምና ምዕራቡን ታያለች። መቀመጫ አጥታ አይደለም፤ በርጩማ ሞልቷል። «ጎን ለጎን» ያላት ነው አንጀቷን የሚበላት።

ሥራውን የያዘላት የባሏ የድሮ ባልደረባ ነው። አካሄዱ ቀጥ ያለ፣ ነገር ማጣመም የማያውቅ ሰው ስለሆነ፣ ግንበኞች የግድግዳ ቀጥታ በሚለኩበት ባለ ገመድ ብረት ስም «ቱምቢ» ይሉታል። መጥቶ ካስማ ተከለ፤ ሲባጎ ወጠረ። ውኃ ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ሲባጎውን ወደ አጥሩ ዘቅዘቅ አደረገው።

«ጥቁሩ አፈር በሙሉ ይነሣል፣ እትዬ። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እሱ ላይ ያነጠፉት ድንጋይ እንዳሮጊት ጥርስ ይወላልቃል።»

«ታዲያ ምን ቆመህ ታወራለህ? አካፋውን አቀብለኝ።»

«ኧረ እትዬ፣ አርፈው ይቀመጡ!»

«የት ልቀመጥ? መቀመጫው ገና አልተሠራ!»

ሲቆፍሩ ዋሉ። አጥሩ ጥግ፣ የሽንኩርት መደቧ ጋ ሲደርሱ የቱምቢ ዶማ ቋ ብሎ ነጠረ። ተንበርክኮ አፈሩን በእጁ ጠረገ። ከሥሩ እኩል የተደለደለ፣ እንደ አለት የጠና ጠጠር ብቅ አለ።

«ይሄን ማን አመጣው?» አለች።

ቱምቢ ላቡን በክንዱ ጠረገ። «እሱ ነዋ። እርስዎ እናትዎን ሊያስታምሙ የሄዱ ጊዜ፣ ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ ብቻውን ይጠቀጥቅ ነበር። ‹ስትመለስ ጨርሼ ነው የማሳያት› አለኝ። ከዚያ ሕመሙ ጣለው።»

ትዝ አላት። ከእናቷ ቤት የተጠራችው እሱ ወድቆ ነው። በዚያ ክረምት ጓሮ ማን አየ? ጎርፉ ከላይ አፈር አውርዶ አለበሰው፤ እሷም ሳታውቅ ሽንኩርት ተከለችበት።

«አንተስ ምነው ዝም አልክ?»

«አደራ ብሎኝ። ከሄደ በኋላ ደግሞ ቁስልዎን መነካካት ፈራሁ።»

ቁጢጥ ብላ መዳፏን ጠጠሩ ላይ አሳረፈች። ፀሐይ ሲመታው እንደዋለ ድንጋይ የሚሞቅ መስሏት ነበር፤ ቀዝቃዛ ነው። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እስክትጠርግ ቱምቢ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ሲባጎ የሚያጠብቅ መሰለ።

ቆይቶ ወደ እሷ ዞረ። «እውነቱን ልንገርዎት፤ አሮጌና አዲስ መደላድል እኩል አይረጋም። ይሄን ነቅለን ሁሉንም ባንድ ብንደለድለው ነው ደጉ።»

«አይነቀልም።»

«መገጣጠሚያው ሊሰምጥ ይችላል፣ እትዬ።»

«ይስመጥ። ልብስ ሰፊ አይደለሁም እንዴ? አሮጌ ካዲስ መቀጠል ሥራዬ ነው።»

ጠጠሩን ሳሳ አድርገው እያፈሰሱ፣ ውኃ እያርከፈከፉ ጠቀጠቁት። ባሏ የጠቀጠቀው ጠጠር ጠርዝ ጋ ሲደርሱ መጠቅጠቂያውን ለቱምቢ አልሰጥም አለች፤ እጇ ውኃ እስኪቋጥር ራሷ ወቀጠችው። ከዚያ አሸዋው ተነሰነሰ፤ በላዩ ድንጋዩ ተነጠፈ።

ጓሮው አማረ። ልብስ ሊለኩ የሚመጡት ሴቶች እዚያ ሆነው ወሬያቸውን ይሰልቃሉ። ግን ቱምቢ እንደፈራው፣ በመጀመሪያው ክረምት መገጣጠሚያው ጥቂት ሰመጠ። «ድንጋዩን አንሥቼ ላስተካክለው» ቢላት፣ «ተወው፣ ደግ ነው» አለችው።

ዝናብ ባባራ ቁጥር እዚያ ቀጭን የውኃ መስመር ይቀራል። ከመስመሩ ወዲያ ያለው የእሱ ሥራ ነው፤ ወዲህ ያለው የእሷ። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አቁማ ትወጣና፣ ውኃው እስኪደርቅ ድረስ ቆማ ታየዋለች።