የጎሚስታዋ ዘይቤ

ሰፈሩ ሁሉ «ቀጥታ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት የገዛ ባሏ ነው። በተጋቡ ሰሞን አንድ ባለታክሲ ላብ በላብ ሆኖ ጎሚስታ ቤታቸው ደጃፍ ቆመና፣ «እባክሽ ቶሎ በይልኝ፣ ነፍሴ ልትወጣ ነው!» አላት። እሷ የያዘችውን ክሪክ ጥላ ወንበር አቀረበችለት፤ ውሃ ሰጠችው፤ «ልብህን ያምሃል እንዴ?» ብላ የሸሚዙን ቁልፍ ልትፈታለት እጇን ስትዘረጋ ሰውዬው ደንግጦ እውነትም ነፍሱ ልትወጣ ምንም አልቀራት። ባሏ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተንከባለለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቀጥታ ሆና ቀረች።

በሥራዋ ይህ ጠባይ ጠቅሟታል። ጎማ ከቸርኬው አውልቃ ውሃ ውስጥ ስትነክር በግምት አትለጥፍም። አረፋው የሚወጣበትን ቀዳዳ ታገኛለች፣ ትፍቃለች፣ ትለጥፋለች፣ አለቀ። ባሏ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። አንድ ብሎን ሲጠብቅበት «ይሄንን ያሰሩት አያቴ ሳይወለዱ ነው» ይላል፤ እሷ ደግሞ «መኪናው እኮ አዲስ ነው» ብላ ታርመዋለች።

ትምህርቷን ያቋረጠችው አባቷ ሲሞቱ ነበር። ታናናሾቿን የሚያሳድግ ሌላ ሰው ስላልነበረ ደብተሯን አስቀምጣ የጎማ መፍቻ አነሳች። ታናናሾቿ አንድ ባንድ ራሳቸውን ሲችሉ፣ ሲያምራት የኖረው ነገር ተነሳባት፦ የመኪና ጥገና መማር፣ ከጎማው አልፋ ሞተሩን መክፈት። ማሠልጠኛው ግን «መጀመሪያ የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃ አምጪ» አላት። እሷም ያለ ብዙ ወሬ ከሰዓት በኋላ በሚሰጠው የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገበች።

ሂሳቡን ተወጣችው። ሳይንሱን ወደደችው። መከራዋ ሥነ ጽሑፍ ላይ ሆነ።

መምህሩ ጡረታቸው የተቃረበ፣ ድምፃቸው ለስላሳ ሰው ናቸው። አንድ ቀን እንዲህ ብለው አነበቡ፦ «ዝናቡ ቀኑን ሙሉ በራችንን ሲደበድብ ዋለ፤ እናቴ ግን አልከፈተችለትም።» ከዚያ ቀና አሉና፣ «እዚህ ላይ ምን አያችሁ?» ብለው ጠየቁ።

ቀጥታ እጇን አወጣች። «ሌባ።»

«ማን ነው ሌባው?»

«በሩን የሚደበድበው ነዋ። ዝናብ እጅ የለውም። እናትየው አለመክፈቷ ጎበዝ ናት።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና፣ «ይሄ ሰውኛ ዘይቤ ይባላል። ሰው ላልሆነ ነገር የሰው ጠባይ ሲሰጡት» አሏት።

«ለምን ይሰጡታል ጋሼ?»

«እንድናየው ነዋ።»

«ዝናብ እኮ ድሮም ይታያል።»

አሁንም ሳቅ። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ።

ቤት ስትገባ ቃላቱን በሽምደዳ ያዘቻቸው። ዓይናቸው የደከመው አማቷ ከጎኗ ተቀምጠው ይሰሟታል። ተነጻጻሪ ዘይቤ፣ ተለዋጭ ዘይቤ፣ ግነት፣ ምጸት እያለች ስትወርድ አማቷም ትርጉሙን ከእሷ እኩል አጠኑት። ፈተናው ግን ትርጉም አልጠየቀም። ምንባብ ሰጥቶ «ፈልገሽ አውጪ» አለ። ስሙን እንጂ መልኩን የማታውቀውን ሰው ገበያ መሃል እንደመፈለግ ሆነባት። ወደቀች።

«በቃኝ» አለች እራት ላይ። «መጽሐፍ የሚጽፉ ሰዎች የሚያወሩት ሌላ ቋንቋ ነው። የኔ አይደለም።» ባሏ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ አጎረሳት።

በማግስቱ ጠዋት አንዲት የሚኒባስ ሹፌር ከመኪናዋ ወርዳ፣ «እባካችሁ፣ ጎማዬ ተነፈሰብኝ» አለች።

ቀጥታ ጎንበስ ልትል ስትል ባለችበት ደረቀች። «ምን አልሽ?»

«ተነፈሰ። የኋላው።»

«በምኑ?»

«እንዴት በምኑ?»

«በምን ሳንባው ነው የሚተነፍሰው?»

ሹፌሯ ወደ ባልየው ዞረች። «ደህና ናት?»

«ሰውኛ!» ብላ ጮኸች ቀጥታ፣ መፍቻውን ወደ ላይ አንስታ። «ሰውኛ ዘይቤ! ስንት ዓመት ሙሉ ተነፈሰ ተነፈሰ ስንል! ባትሪው ሞተ እንላለን! ፍሬኑ እምቢ አለኝ እንላለን! ማን ነው እምቢ የሚለው? ብረት?»

ባሏ ነገሩ ገባውና ዓይኑ በራ። «ያ የባለሱቁ መኪና ደግሞ ቤንዚን እንደ ውሃ ይጠጣል።»

«‹እንደ› አልክ! ተነጻጻሪ!»

«የኔዋስ በቅሎ ናት፤ ዳገት ላይ ካልተገረፈች አትሄድም» አለች ሹፌሯ፣ ሳታስበው ተጎትታ ገብታ።

«‹ናት› አልሽ፣ ‹እንደ› የለውም! ተለዋጭ!»

«ይሄን ነገር ሺህ ጊዜ ነግሬሻለሁ» አለ ባል።

«ግነት! አንዴም አልነገርከኝም!»

ሦስቱም ተያይዘው ሳቁ። ሹፌሯ ዓይኗን እየጠረገች፣ «ጎማዬስ?» ባትል ኖሮ ጎማው እዚያው ተኝቶ መዋሉ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቀጥታ ክፍል ከገባው ሁሉ ቀድማ መምህሩን ያዘቻቸው። «ጋሼ፣ የሰው ጠባይ ለምን እንደሚሰጡት ገባኝ። ‹ጎማው አየር ጎደለው› ቢሉኝም ያው ነው። ‹ተነፈሰ› ሲሉኝ ግን ደክሞት ቁጭ ሲል ይታየኛል።»

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ ከዚህ የተሻለ አልመልስልሽም ነበር» አሏት። ከዚያ ጣታቸውን አነሱ። «ምጸት ግን ይቀርሻል። ቃሉ ሌላ፣ ሐሳቡ ሌላ ነው። ያመሰገነ መስሎ ነው የሚሰድበው።»

እውነታቸውን ነበር። የተነገራትን ለምታምን ሴት ምጸት ከባድ ነው። ባሏ ሊያለማምዳት ሞከረ፤ «ዛሬ ደግሞ ኩሉ እንዴት አምሮብሻል!» ቢላት ከልቧ አመሰገነችው። መስታወት ስታይ ከጉንጯ እስከ ግንባሯ ጥቁር ግራሶ ነው። እንዲህ እየሆነ ከረመ። እሷ ግን አልተወችም፤ የቆየ ጋዜጣ፣ የዕቃ መጠቅለያ ወረቀት፣ የታክሲ ላይ ጥቅስ ሳይቀር ጎማ እንደምትነክር ሁሉ እየነከረች አረፋውን ትጠብቅ ጀመር።

ዳግም የምትፈተንበት ቀን ደረሰ። ምንባቡ ስለ አንድ ቤት አከራይ ነበር። ተራኪው ሰውዬውን ያሞግሳል፦ ደግ ናቸው፣ ለመብራት ያስከፍላሉ፣ ለደረጃው ያስከፍላሉ፣ «በጣሪያው ቀዳዳ የሚወርደውን ውሃ ግን፣ ከደግነታቸው ብዛት፣ እስከ አልጋችን ድረስ በነጻ ያደርሱልናል።»

ቀጥታ አንድ ጊዜ አነበበችው። «ደግ ሰው» ብላ ልታልፍ ነበር። ተመለሰች። አልጋ? ጣሪያ? በነጻ?

ሳቋ አመለጣት። የታፈነ ሳቅ አልነበረም፤ ጎሚስታ ቤት በኮምፕረሰር ጩኸት ላይ የምትስቀው ሳቅ ነው። ፈታኙ እየተጣደፈ መጣ።

«እትዬ! ፈተና ላይ ነን እኮ!»

«ይቅርታ ወንድሜ። ሰውዬው እኮ እያሾፈ ነው!»

«ማነው የሚያሾፈው?» አለ ፈታኙ ግራና ቀኝ እያየ።

«የጻፈው!»

ከዚያ እስክሪብቶዋን አጥብቃ ይዛ «ምጸት» ብላ ጻፈች። የተቀረው ሁሉ ተከታትሎ መጣላት፤ የምታውቃቸው ሰዎች በየተራ እጃቸውን እያወጡ የሚጠሯት መሰላት።

ውጤት የተለጠፈ ዕለት ባሏ ሥራ ዘግቶ አብሯት ሄደ። ሰሌዳው ፊት በተኮለኮለው ሰው መሃል ሾልካ ገባች፤ ስሟን በጣቷ ፈለገች፤ ጣቷ ቆመ። አልፋለች። ከሁሉም ትምህርት የበለጠ ውጤት ያመጣችው ደግሞ በሥነ ጽሑፍ ነው። በዝናቡ ጊዜ ከሳቁባት አንዱ ቀድሞ አጨበጨበላት፤ ሌሎቹም ተከተሉት። መምህሩ ከሰዎቹ ጀርባ ቆመው ባርኔጣቸውን ከፍ አደረጉላት።

«በደስታ ዓለም ጠበበኝ!» አለች ወደ ባሏ እየሮጠች።

«ግነት» አላት።

«አይደለም! እውነቴን ነው!»

መፍቻ ባጠነከረው ክንዷ አቅፋ ከመሬት አነሳችው። ሰው ሁሉ አየ፤ እሱም አላፈረም።

ዛሬ ቀጥታ ማሠልጠኛው ገብታ ሞተር ፈትታ ትገጥማለች። እረፍት ስታገኝ ለአማቷ ልብ ወለድ ታነብላቸዋለች። በቀደም መጽሐፉን ከመሃሉ ላይ አቁማ፣ «እማማ፣ ይሄ ሙሽራው የሚሻገርበት ድልድይ ይሰበራል» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ደራሲው። እንጨቱ ሁለቴ ሲንቋቋ አልሰሙም? ንግር ይባላል። ወደፊት የሚሆነውን ቀደም ብሎ ጫፉን ማሳየት።»

አማቷ ከንፈራቸውን ገፉ። ጥቂት ገጽ ሲሄዱ ድልድዩ ከነሙሽራው ወንዝ ገባ።

«አንቺ ሴትዮ!» አሉ አማቷ ጭናቸውን መትተው። «ካሁን በኋላ ያወቅሽውን ለራስሽ ያዢው! እኔ ገና መደንገጥ እፈልጋለሁ!»

ቀጥታ እየሳቀች ገጹን ገለጠች።