ለለቅሶ የማትወጣው ኮስተር

አስጎብኚው ባየው መኪናዋን የሚያጥበው ሰው በሚያይበት ሰዓት ነው። ጠዋት ሠራተኛው ወደ ፋብሪካ፣ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት ማለፍ እስኪጀምር ጠብቆ ኮስተሯን ከግቢ አውጥቶ በር ላይ ያቆማታል። ከዚያ እጀታውን ሰብስቦ፣ ጎኗ ላይ የተሳለውን ጭላዳ ዝንጀሮ ፊቱን ቀስ እያደረገ ይወለውለዋል። የወንድሙ ሚስት ቦሰና ይህን በመስኮት ባየች ቁጥር፣ “የገዛ ልጆቹን አፍንጫ እንዲህ ጠርጎላቸው አያውቅም” ትላለች።

የሚታጠብ አቧራ እንኳ አልነበራትም። ኮስተሯ ቱሪስት ከጫነች ዓመት አልፏታል።

የገዟት ወንድማማቾቹ፣ የቦሰና ባል ይሁኔና ባየው፣ በጋራ ነበር። ይሁኔ ይነዳል፤ ቦሰና የእንግዶቹን ምሳ ትቋጥራለች፤ ልጃቸው ፅጌረዳ ከአባቷ ጎን ተቀምጣ መንዳት ትለምዳለች። ባየው ደግሞ ማይክሮፎን ይይዛል። ከደብረ ብርሃን ተነስተው በጎሽ ሜዳ በኩል ጭላዳ አሳይተው አንኮበር ያደርሳሉ፤ ጉብታው ላይ ወጥተው ቆላውን ቁልቁል ያሳያሉ፤ ማታ ይመለሳሉ። ሥራው ይሄው ነው። ባየው ግን “ኢንዱስትሪ” ነበር የሚለው።

መጀመሪያ ኮሮና መጣ፤ ፈረንጁ ቀረ። ኮሮናው ሲሄድ ጦርነት መጣ፤ የአዲስ አበባውም ሰው ቀረ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ አንድ ቀን ተከፈተ ሲባል አንድ ቀን ተዘጋ እየተባለ፣ ናፍጣ አንድ ቀን ሲገኝ ሳምንት እየጠፋ፣ ኮስተሯ ግቢ ውስጥ ቆማ ዶሮዎቹ ከሥሯ እንቁላል ይጥሉባት ጀመር።

በዚህ መሀል ይሁኔ በጉበት ታሞ ሞተ። ቀብሩ አገሩ አንኮበር ነበር። ዕለቱ ዝናብ ነበር። ባየው፣ ምንጣፏ በጭቃ ይበላሻል፣ ደግሞም ለቅሶ ስትጭን የታየች መኪና የቱሪስት ስም አይኖራትም አለና ኮስተሯ ከግቢ አልወጣችም። የሰፈራቸው የጠባሴ አሮጊቶች በጭነት አይሱዙ ተሳፍረው፣ ሸራ ተከናንበው ሄደው ይሁኔን ቀበሩት። ቦሰና ያን ቀን አንዳች አልተናገረችም። ከዚያም በኋላ አላነሳችውም። ባየውን ግን ከዚያን ዕለት ወዲህ ከሰው አትቆጥረውም።

ባየው ሥራ አልፈታም። ቱሪዝምን ስለማነቃቃት በየሆቴሉ አዳራሽ ስብሰባ ሲጠራ እሱ ከፊት ወንበር አይጠፋም። የታሸገ ውሃ ይጠጣል፣ ያጨበጭባል፣ ስሙ የተጻፈበትን ካርድ አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ በእግሩ ሰፈሩን አቋርጦ ይመለሳል። ካርዱንም ወስዶ ከመኪናዋ የውስጥ መስታወት ላይ ይሰቅለዋል። ካርዶቹ በዝተው መንገድ ሊጋርዱ ትንሽ ቀርቷቸዋል።

“ዛሬስ ስንቱን ቱሪስት አነቃቃችሁት?” ትለዋለች ቦሰና።

“እትዬ፣ ይሄ የረጅም ጊዜ ዕቅድ ነው።”

“እሱስ ይታያል።”

በመጨረሻ ባየው ደላላ አመጣ። ለቅሶና ጤፍ እየጫነች ከምትዋረድ በክብሯ ትሸጥ አለ። ግማሹ የእሱ ነው፤ እሱ ከሸጠ ለቦሰናና ለልጇ የሚተርፋቸው ትንሽ ገንዘብና ባዶ ግቢ ነው። ፅጌረዳ አባቷ ያስተማራት ሙያና መንጃ ፈቃድ ይዛ ቤት ልትቀመጥ ነው። ባየው ለሴት መሪ አላስጨብጥም ብሎ፣ ይሁኔ ከሞተ ጀምሮ መሪውን ራሱ ይዞ ልጅቱን ከረዳት ወንበር አላሳለፋትም።

ያዳናቸው የሰፈሩ ዕድር ነው። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ወልደተንሣኤ፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው፣ አንድ ቀን ከሰዓት መጥተው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።

“እነዚህን አሮጊቶች በአይሱዙ ገጠር ለቅሶ ማድረስ ሰልችቶናል” አሉ። “ሲወርዱ ተሰብረው ሌላ ለቅሶ ሊሆኑብን ነው። መኪናችሁን ለዕድሩ በቋሚነት አድርጉልን። ለቅሶ በሌለ ጊዜ ደግሞ ንግሥም ማኅበርም አለ።”

ባየው ሳቀ። “ጋሼ፣ ይቺ እኮ የቱሪስት መኪና ናት።”

“ቱሪስቱስ የታለ?”

“ይመጣል።”

“እስኪመጣ እኛ እንቀመጥባታ! ስንሞት እንለቅለታለን።”

ቦሰና ከት ብላ ሳቀች። ባየው ግን ሽማግሌ ፊት እምቢ ማለቱን ፈራ። ጋሽ ወልደተንሣኤ ፍርሃቱ ገብቷቸው እዚያው ቋጩት፦ አንድ ለቅሶ ይሞከራል፤ ከዚያ በኋላ በሚመጣው እሑድ አባላቱ ተሰብስበው ይወስናሉ። ዕድሩ መኪናዋን ከተቀበለ ባየው የመሸጡን ነገር ይተዋል፤ ካልተቀበለ ቦሰና በሽያጩ ላይ አንድ ቃል አትተነፍስም። ሁለቱም እሺ አሉ። ቦሰና እሺ ያለችው እየሰጋች ነበር፤ ምክንያቱም የሚነዳው ባየው ነው።

ሳምንት ሳይሞላ የጎረቤታቸው የሣራ አባት አንኮበር አቅራቢያ፣ ገጠር ውስጥ አረፉ። ሣራ በሌሊት ሄደች። ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው ተባለ። ጠዋት የዕድሩ ሰዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ሲሰበሰቡ፣ ባየው የድርጅቱ ስም የተጻፈበትን ጃኬት ለብሶ፣ ጥቁር መነጽር ሰክቶ፣ በር ላይ ቆሞ “እንኳን ደህና መጣችሁ” ይላል። ለለቀስተኛ እንኳን ደህና መጣችሁ!

ከተማውን እንደወጡ፣ ፅጌረዳ ከጎኑ በረዳቱ ወንበር ተቀምጣ ሳለ፣ ባየው ማይክሮፎኑን አነሳ።

“ክቡራትና ክቡራን፣ በስተቀኛችሁ የምትመለከቱት—”

“ልጄ” አሉ ከፊት የተቀመጡት እማማ ማኅደረማርያም፣ “እኔ በዚህ መንገድ ሙሽራ ሆኜ በበቅሎ ነው የመጣሁት። ዛሬ አንተ ነህ የምታሳየኝ?”

ለቅሶም ቢሆን ሰው ሳቀ። ባየው “ልማድ ሆኖብኝ ነው እማማ” ብሎ ማይክሮፎኑን አጠፋው። ቦሰና ከኋላ ሆና፣ ይህን ያህል ከሆነ ይታለፋል ብላ አሰበች።

ጎሽ ሜዳ ሲደርሱ ጉሙ ገለጥ አለ። ከመንገዱ ዳር፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ሁለት ፈረንጆች ቆመው ሣር የሚነጩ ጭላዳዎችን ያያሉ። ባየው ፍሬኑን በድንገት ያዘውና ሰው ሁሉ ወደፊት ተወረወረ። ሞተሩን ሳያጠፋ፣ በሩን እንኳ ሳይዘጋ ዘሎ ወረደ። ጃኬቱን እየጎተተ፣ “ሄሎ! ሄሎ! ዌልካም!” እያለ ሲሮጥ ዝንጀሮዎቹ ራሳቸው ገለል አሉለት።

ለቀስተኛው ጠበቀ። ሰላም ብሎ የሚመለስ መስሎት ነበር። ባየው ግን ካርድ አወጣ፣ መኪናዋን አሳየ፣ የተሳለውን ዝንጀሮ አሳየ፣ ከዚያ እውነተኛዎቹን ዝንጀሮዎች አሳየ። ጋሽ ወልደተንሣኤ ሰዓታቸውን አዩ። ደግመው አዩና ወደ ቦሰና ዞሩ። ቦሰና ወረደች።

“ባየው፣ ቀብር ይዘናል።”

“እትዬ፣ ፈረንጆች እኮ ናቸው!”

“አይቻለሁ። ና ውጣ።”

“አልገባሽም። የሞተ ሰውዬ የትም አይሄድ፤ እነዚህ ግን ይሄዱብኛል!”

መስኮቶቹ ክፍት ነበሩ። መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሰማ።

ይባስ ብሎ ወደ መኪናዋ ተመልሶ አንገቱን በበሩ አስገባና፣ “እማማ ማኅደረማርያም፣ ትንሽ ወደኋላ ጠጋ ይበሉልኝ፣ እንግዶች አሉን” አለ። አሮጊቷ ከላይ እስከ ታች አዩት። “እኔም እኮ እንግዳ ነኝ፤ ቀባሪ ነኝ እንጂ ሻንጣ አይደለሁም” አሉና አልተነሱም። ከፈረንጆቹ አንዱ ነገሩ ሳይገባው፣ ጥቁር የለበሱትን ሴቶች ፎቶ ሊያነሳ ካሜራውን ወደ መስኮቱ ቀና አደረገ። ጋሽ ወልደተንሣኤ መጋረጃውን ሳቡት። ሰውየው አፍሮ ካሜራውን አወረደ። ያፈረው እሱ ብቻ ነበር። ባየው ክንዱን ይዞ፣ ትልቁን ወንድ ጭላዳ፣ ደረቱ የቀላውን፣ በቅርብ ላሳያችሁ እያለ ቁልቁል በገደሉ ጥግ ይዟቸው ወረደ።

ቦሰና ጃኬቱ ከገደሉ አፋፍ ሥር እስኪሰወር አየችው። ከዚያ ወደ መኪናዋ ወጣች።

“ፅጌ፣ ተነሺ።”

“ምን ላድርግ?”

“መሪው ላይ ተቀመጪ።”

“አጎቴስ?”

“አጎትሽ ሥራ ላይ ነው።”

ልጅቷ መጀመሪያ ያደረገችው ከመስታወቱ ላይ የተንጠለጠሉትን ካርዶች ሁሉ ባንድ እጇ ሰብስባ አውርዳ ኪስ ውስጥ መክተት ነበር። ከዚያ ማርሽ አስገባች። ከኋላ የሆነ ሰው “በስመ አብ” አለ። እማማ ማኅደረማርያም ዞረው፣ “የይሁኔ ልጅ ናት፣ አርፋችሁ ተቀመጡ” አሉ።

ከዚያ ወዲያ ጉሙ መልሶ ዘጋው። መንገዱ እየታጠፈ ይወርዳል፤ በአንድ ወገን ግድግዳ፣ በሌላው ወገን ምንም የለም። ፅጌረዳ እንደ አባቷ በከባድ ማርሽ ይዛ፣ ፍሬን ሳታበዛ፣ ከፊት አህያ ሲመጣ ቆማ እያሳለፈች ወረደች። ቦሰና ከአጠገቧ በረዳቱ ወንበር ተቀምጣ የልጅቷን እጅ ስታይ ቆየች። ከዚያ ማየቱን ትታ ወደ ጉሙ ዞረች።

ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ሲደርሱ ፅጌረዳ እስከ በሩ አልሄደችም። ከባሕር ዛፎቹ ሥር፣ ከሕዝቡ ራቅ አድርጋ አቆመች፤ ሞተሩንም አጠፋች። ለቀስተኛ ከሩቅ ወርዶ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ተሰብስቦ በእግሩ ነው የሚገባው። ይህን የነገራት ሰው የለም። የዕድሩ ሰዎች ሴቱ ከሴት፣ ወንዱ ከወንድ ሆነው እያለቀሱ ሲገቡ ፍትሐቱ አልቆ ሬሳው ሊነሳ ነበር። ሣራ እስከዚያ ድረስ ዓይኗ ደርቆ፣ እንደ ባዳ ቆማ ነበር። ቀና ብላ የሰፈሯን ሰዎች ስታይ ነው ጮኻ ያለቀሰችው።

ቦሰናም ከኋላ ሆና አለቀሰች። ማን ነው ያስለቀሳት ብሎ የጠየቃት የለም፤ ለቅሶ ላይ ይህ አይጠየቅም።

ሲመለሱ ባየው ጎሽ ሜዳ አልነበረም። ፈረንጆቹ ለንፋስ ኃይል ጥናት የመጡ መሐንዲሶች ነበሩ፤ ከመታጠፊያው ጀርባ የቆመች የመሥሪያ ቤት ፒካፕ ነበረቻቸው። ባየው ከተማ አድርሱኝ ቢላቸው ሾፌራቸው፣ “ከሠራተኛ በስተቀር ሰው መጫን ተከልክለናል” ብሎት ሄደ። የኢንዱስትሪው ባለቤት በግ በጫነ አይሱዙ፣ ከበጎቹ መሀል ቆሞ ደብረ ብርሃን ገባ።

ማታ ቦሰና ደጅ መጥቶ ጮኸ። “ጥለሽኝ ሄድሽ! መንገድ ላይ! እኔን!”

“ከሥራህ እንዳላስፈታህ ብዬ ነው።”

“በፈረንጅ ፊት አዋረድሽኝ!”

“ራትህን ብላ” አለችው። እንጀራውን አቀረበችለት። ጃኬቱ በግ በግ ይሸታል። በላ፤ ጨመረችለት፤ ያንንም በላ። እያየችው ሳለ፣ ይህ ሰው ይሁኔን በመልክ መምሰሉ እንዴት ያለ ብክነት ነው ብላ አሰበች።

እሑድ የዕድሩ አባላት ተሰበሰቡ። ባየው ከረባት አድርጎ መጣ። ጋሽ ወልደተንሣኤ ነገሩን አስረዱና አሳብ ያለው ይናገር አሉ። ሁሉም የሚያስበውን ሁሉም ያውቃል፤ “የሞተ ሰው የትም አይሄድም” ያለ ሾፌር ለቅሶ አያደርስም።

እማማ ማኅደረማርያም እጃቸውን አነሱ። “መኪናዋን እንፈልጋታለን፤ ወንበሯ ይመቻል። ዝንጀሮውን ግን አንፈልግም።”

“የቱን?” አለ አንዱ ከኋላ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

ሳቁ ሲበርድ ጋሽ ወልደተንሣኤ ጠየቁ። “እንግዲህ የመኪናዋ ባለቤት ማን ነው? ዕድሩ ውል የሚይዘው ከማን ጋር ነው?”

ባየው ተነሳ፤ ከረባቱን ዳሰሰ፤ አፉን ከፈተ። ሰው ሁሉ ግን የሚያየው ቦሰናን ነው። እዚያው አፈር ልታበላው ትችል ነበር። የአይሱዙዋን ነገር፣ የዝናቡን ነገር፣ ያን ሁሉ ጊዜ ዋጥ አድርጋ የኖረችውን አሁን ብትናገረው የሚከለክላት አልነበረም። እሱም ገብቶታል፤ በዓይኑ በሩን ይፈልጋል። ቦሰና አየችው፤ እንኳን ለመበቀል፣ ለመናገርም የሚበቃ ሰው ሆኖ አልታያትም።

“ባለቤቱ ባየው ይሁን” አለች። “የምትነዳው ልጄ ፅጌረዳ ናት። ሰው ሲሞትባችሁ ግን እኔን ጥሩኝ።”

እጅ አውጡ ተባለ። እጅ ያላወጣ አልነበረም። ባየው ይህ ሁሉ ለእሱ የተደረገ መስሎት፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ጎንበስ ጎንበስ አለ።

ቦሰና ወደ ልጇ ዞረች። “ናፍጣ አለን?”

“ደነባ ደርሶ ለመመለስ ይበቃል።”

“እሱ አይበቃም” አለች ቦሰና፣ ለመውጣት እየተነሳች። “ሞት ቀጠሮ አይሰጥም፤ ነገ በጠዋት ተነስተሽ ማደያ ተሰለፊ።”