ከባዱ ፓወር ሰፕላይ

«አባባ፣ ልጅዎ ራሱ መጥቶ ይምረጥ» ያለው የኮምፒውተር ዕቃ ሻጭ መርዶውን የሰማው ያኔ ነው። «ቀበርነው እኮ፣ ልጄ» አሉት ሽማግሌው፣ ዓይናቸውን ከመደርደሪያው ሳይነቅሉ።

ከዚያ ወዲህ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ወደ ሱቁ ይመላለሳሉ። ለኮምፒውተር ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ሣጥን፣ አንዱን ፓወር ሰፕላይ በግራ፣ ሌላውን በቀኝ እጃቸው ይዘው የዕቃዎቹን ክብደት ይመዝናሉ፤ ቀላሉን እንዳያምኑ የነገራቸው ልጃቸው ነበር። ምርጫቸው ሁልጊዜ ከባዱ ነው።

«ይሄ አያሳፍርዎትም፤ የአሥር ዓመት ዋስትና አለው። ድምፁም አይሰማም።»

«ዝምታማ ቤታችን ሞልቷል» ብለው ፈገግ ይላሉ።

«ታዲያ ልጠቅልልዎት?»

«እናቱን ላማክር።»

ዕቃውን ዳበስ አድርገው ይመልሱና ይወጣሉ። ልጃቸው ሊያሻሽለው ፈታትቶት የሄደው ኮምፒውተር ቤት ጠረጴዛው ላይ እንደተከፈተ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ዛሬም አልተገዛም።