ወተት የማይደርስበት ሳንባ

መጀመሪያ ያቃጠለኝ ዓይኔን ነው። ከዚያ ጉሮሮዬ ታነቀ።

ከመንዝ ሞላሌ ወጣ ብሎ ባለ የበረኪና ፋብሪካ የጥገና ሠራተኛ ነኝ። ያን ቀን ክሎሪን የሚያልፍበትን ቧንቧ ማሸጊያ ልንቀይር ነበር። ቫልቩ ተዘግቷል፤ ቧንቧው ውስጥ የቀረውን ጋዝ ግን ማንም አላስወጣውም። የጋዝ መከላከያ ጭንብሉ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። እኛ ዘንድ ከጭንብል ይልቅ የሚታመነው ወተት ነው፤ «መርዝ ያጥባል» እየተባለ በየቀኑ በብርጭቆ ይታደለናል። ቡሎኑን ፈታሁት። ቢጫው ጋዝ ፊቴ ላይ ወጣ። አየር አጣሁ። ግድግዳ እየዳበስኩ ወጣሁ።

ደጅ ላይ ስስል ቆይቼ ሳሉ በረድ ሲልልኝ አለቃችን «በል ቤትህ ግባ፤ ወተትህን ጠጣና ተኛ» አለኝ። ጊዜው ደግሞ ሁዳዴ ነው። ባለቤቴ አስካለ ከጎረቤት ወተት ብታመጣም አሻፈረኝ አልኩ፤ መቼም የመንዝ ሰው ግትርነት! የነፍስ አባታችን መምሬ ተጠርተው መጡ። «ልጄ፣ በታመመ ሰው ጾም አይጸናበትም። ፈትቼሃለሁ፣ ጠጣ» አሉኝ። ጠጣሁ። ደረቴ ቀለል ያለኝ መሰለኝ፤ ቤቱ ሁሉ እፎይ አለ። ጋቢዬን ተከናንቤ ተጋደምኩ።

አመሻሽ ላይ ነቃሁ። ትንፋሼ ይንተከተካል። ደም የነካው አረፋ ተፋሁ። ከንፈሬ ጠቆረ። ሞቴ ነው አልኩ። ፈራሁ፤ ክፉኛ ፈራሁ።

ጎረቤቶች «ወተቱ እየሠራለት ነው፣ ትንሽ ታገሡ» አሉ። አስካለ ጮኸችባቸው፦ «እናንተ ስትታገሡ እኔ ልቅበረው? ወግዱልኝ!» መኪና አስቁማ ሆስፒታል አደረሰችኝ።

ሐኪሟ ኦክስጅን ገጠመችልኝ። «ፐልሞናሪ ኢዲማ ነው፤ ሳንባው ውሃ ሞልቷል» አለች። ስለ ወተቱ ከአስካለ ስትሰማ ግንባሯን ቋጠረች። «እህቴ፣ ወተት የሚወርደው ወደ ሆድ ነው፤ ክሎሪኑ የገባው ሳንባ ነው። ሳሉ ተወው ማለት ዳነ ማለት አይደለም። ሳንባው ከሰዓታት በኋላ ሊሞላ ይችላል። ያኔውኑ ነበር መምጣት።» አስካለ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ፣ ድሮ እያፏጨሁ የምወጣውን የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት በየድንጋዩ እየተቀመጥኩ፣ ትንፋሽ የሚከፍትልኝን መድኃኒት ሳልቡታሞሌን በአፌ እየሳብኩ፣ አስካለም ከኋላዬ «ሙሽራው፣ ዛሬ እንደርስ ይሆን?» እያለች እየቀለደችብኝ መውጣት ጀመርኩ፤ እግዜር ይመስገን፣ የትንሣኤን ቅዳሴ ቆሜ አስቀደስኩ።

እንደኔ ቡሎን የምትፈታ ወንድሜ፣ ቫልቭ መዝጋት ብቻውን አይበቃም። ቆልፈውና ቁልፉን ኪስህ ክተት። የቀረውን ጋዝ በደንቡ አስወጣ፤ የጋዝ መለኪያው ንጹሕ ነው ሳይልህ እጅህን አትስደድ። ጭንብል የሚጠለቀው ከመፍታትህ በፊት ነው፣ ጋዙን ካየህማ አለቀልህ። ጋዙ ከነካህ ደግሞ ሳሉ ቢተውህም ሐኪም ቤት ሩጥ፤ ቤትህ ገብተህ አትተኛ። እኔን ያተረፈኝ የአስካለ ቁጣ ነው፤ ዕድሜ ይስጣት።

ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። ወተቱን ዛሬም ያድሉናል። ለልጆቼ ይዤላቸው እገባለሁ። ጭንብሌን ግን ለመምሬም አላውስም።