በጠመኔ የተሳሉ ሁለት ክቦች

ከክፍል ነው የወሰዱኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍሎችን ሒሳብ እያስተማርሁ ሳለ የታጠቁ ሰዎች በሩ ላይ ቆመው በእጃቸው ጠሩኝ። ጠመኔው ከጋዎኔ ኪስ እንደገባ አብሮኝ ሄደ።

ያጎሩን ሐይቁ ዳር ካለ አሮጌ የእህል መጋዘን ነው። ብናኝና ላብ ይሸታል። ጣና ከድንጋዩ ጋር ሲላተም ይሰማል እንጂ አይታይም።

በማግስቱ አንድ ተማሪዬን አስገቡት፤ የሰባታሚት ሰፈር ልጅ ነው። ከንፈሩ አብጧል። አጠገቤ ተቀመጠና፣ «መምህር፣ ትናንት ሳይጨርሱልን ሄዱ» አለኝ።

«ምኑን?»

«የፈንክሽን ግልባጭ ሁልጊዜ ፈንክሽን ነው ወይ ብለው ጠይቀውን ነበር። መልሱን አልነገሩንም።»

ፈተናው ደርሷል። ወጥቶ እንደሚፈተን አልተጠራጠረም። ግድግዳው ላይ ሁለት ክቦች ሣልሁ። በግራው ሁለትንና ኔጌቲቭ ሁለትን፣ በቀኙ አራትን ጻፍሁና ከግራ ወደ ቀኝ ቀስቶች አሰመርሁ።

«ሁለቱም በራሳቸው ሲባዙ አራት ናቸው። ከእያንዳንዳቸው አንድ ቀስት ብቻ ይወጣል፤ ስለዚህ ፈንክሽን ነው። አሁን አንተ ቀስቶቹን ወደ ኋላ መልሳቸው» አልሁት።

ጠመኔውን ተቀብሎ መለሳቸው። ሥዕሉን አየና፣ «ከአራት ሁለት ቀስት ወጣ። እንግዲያው ግልባጩ ፈንክሽን አይደለም» አለ። ባበጠ ከንፈሩ ፈገግ አለ።

ከሰዓት በኋላ የጠባቂዎቹ አለቃ ገባ። ግድግዳውን አየና፣ «ይኼ የማምለጫ ካርታ ነው?» አለ።

«ሒሳብ ነው። እኔ ነኝ የሣልሁት» ብዬ ተነሣሁ።

«ቀስቶቹንስ?»

«እኔ ነኝ» አለ ልጁ።

እኔን ገፍተው አስቀመጡኝ። እሱን ይዘውት ወጡ። አልተመለሰም።

ሲነጋ ግድግዳውን እንዳጸዳ ውኃና ጨርቅ ሰጡኝ። ጨርቁን ሳላነሣ ወደ እስረኞቹ ዞርሁ። የልጁን ስም ከነአባቱ ስም ጠርቼ፣ «ይህን የሠራው ተማሪዬ ነው» አልሁ። ከዚያ ትምህርቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳሁ። አንድ ከደልጊ የመጡ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አስተካክለው ቆመው ሰሙኝ። ጠባቂውም አላቋረጠኝም። ጨርሼ አጠፋሁት።

እኔን በኋላ ለቀቁኝ፤ ዛሬም ፋሲሎ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። የልጁ እናት ያልጠየቁት ቢሮ፣ ያልሄዱበት ሆስፒታል የለም። ባለፈው እሑድ ቤቴ መጥተው ብዙ ተቀመጡ። ሊነሡ ሲሉ፣ እንደ ማንኛውም ወላጅ፣ «መምህር፣ ልጄ በትምህርቱ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ጎበዝ ነው» አልኋቸው። «ነበር» ማለት አልቻልሁም።