የውዱእ ውሃ የጠጡ ዛፎች

ጅጅጋ ላይ ያሰረኝ የገዛ አፌ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ዕድል ነው፣ ሥራ ነው እያልኩ እሸፋፍነዋለሁ እንጂ እውነቱ ይኸው ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ?

አባቴ ወታደር ሆኖ መጥቶ እዚያው ስለቀረ ተወልጄ ያደግሁት ጅጅጋ ነው። እርሻ ኮሌጅ ተምሬ ተመለስኩና የከተማው ጽዳትና ውበት ክፍል ውስጥ የማኅበረሰብ አማካሪ ተብዬ ተቀጠርኩ። ሥራዬ በየሰፈሩ እየዞርኩ የትኛው ዛፍ የት ቢተከል እንደሚይዝ፣ በምን ውሃ እንደሚያድግ፣ ከፍየል እንዴት እንደሚጠበቅ መምከር ነበር። አለቆቼ ደግሞ ሣር ይወዳሉ። እንግዳ ይመጣል በተባለ ቁጥር አደባባዩን ሣር አልብሺው ይሉኛል። ሕዝቡ የሚጠጣውን ውሃ ከአህያ ጋሪ ላይ በጀሪካን እየገዛ ለሣር ውሃ ከየት ላምጣ? ይህንኑ በስብሰባ ላይ ፊት ለፊት ስለተናገርኩ ምላሳም የሚል ስም ወጥቶልኝ ነበር። ምላሴ ግን ያን ጊዜ ገና አልጎዳኝም።

ከቢሯችን ወረድ ብሎ መስጊድ አለ። ሰጋጆቹ ከሶላት በፊት ውዱእ የሚያደርጉበት፣ እጅ እግራቸውን የሚታጠቡበት ውሃ በግንቡ ሥር እየሾለከ መንገዱን ያጨቀየዋል። ሳሙና ያልነካው ንጹሕ ውሃ ነው። የልብስ እጥበት ውሃ ችግኝ ያቃጥላል፤ ይኼ ግን እንዲሁ ሲባክን ባየሁት ቁጥር ሆዴ ይቃጠል ነበር። ጠባብ ቦይ ቆፍሬ በመንገዱ ዳር ቁንዶ በርበሬ በተርታ ብተክልበት፣ ሥሩንም ገለባ ባለብሰው፣ አንድ ጀሪካን ሳይገዛ ጥላ ይወጣል። ጥላው ደግሞ ያስፈልግ ነበር። የግመል ወተት የሚሸጡት ሴቶች ሻሻቸውን ግንባራቸው ላይ ጎትተው ቀኑን ሙሉ እዚያ ፀሐይ ላይ ነው የሚውሉት።

ሽማግሌዎቹን ለማስፈቀድ ሄድኩ። የሁሉም አለቃ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከብት እስከ ጅቡቲ ድንበር፣ እስከ ደወሌ እየነዱ ሲነግዱ ኖረው አሁን ከመስጊዱ በር የማይጠፉ አንድ ሀጂ ነበሩ። አማርኛቸው ቀስ ያለ ነው፤ ቃሉን መርጠው ነው የሚያወጡት። የምለውን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ፣

«ውሃው የሶላት ውሃ ነው» አሉኝ። «ተክላችሁ ብትረሱት፣ ውሃውም ከንቱ ቢፈስ፣ ማን ይጠየቃል?»

ቢሯችን ይጠየቃል ማለት ነበረብኝ። ጤነኛ የመንግሥት ሠራተኛ የሚለው ይህንኑ ነው።

«እኔ እጠየቃለሁ፣ ሀጂ» አልኩ።

«እንግዲያው አማና ሰጥተንሻል» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። ሌሎቹም ዘረጉ፤ የቁርኣኑ መክፈቻ ፋቲሃ ተቀራ፤ ሁሉም መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ አሳረፉ። እኔም አብሬ እጄን ዘርግቼ ነበር።

አማና ተራ አደራ እንዳልሆነ ጠፍቶኝ አልነበረም። ክርስቲያን ብሆንም የጅጅጋ ልጅ ነኝ። ፋቲሃ ተቀርቶ የተቀበሉትን ነገር መልሶ በሰው ፊት ማስረከብ አለ፤ ሰጪውም ተቀብያለሁ ማለት አለበት። ጥለሽው ብትሄጂ ወሬሽ ከአንቺ ቀድሞ ከሄድሽበት ይደርሳል። እኔ ግን ያን ቀን የምሄድበት አልነበረኝም፤ ምን ቸገረኝ አልኩ።

ችግኞቹ መያዝ ሲጀምሩ ያለችኝ አንዲት ልጅ ታመመች። አስም ነው። የጅጅጋ ብርድና ንፋስ አይስማማትም፣ ቆላ ውሰዷት ተባልን። ባለቤቴ መካኒክ ስለሆነ ድሬዳዋ ሥራ አላጣም፤ ይዟት እህቱ ዘንድ ወረደ። እዚያ እንደደረሰች ደረቷ ተከፈተ፣ መተኛት ጀመረች። እኔ ዝውውሬን ጨርሼ እከተላችኋለሁ ብዬ ቀረሁ። ከልጄ ጋር አንድ ቤት ከመኖር ሌላ ምንም አልተመኘሁም፤ ሹመት አላማረኝ፣ ቤት ልሥራ አላልኩ።

የቢሯችን ኃላፊ ማመልከቻዬን አንብቦ ሳቀ። እሱም ጁምዓ የሚሰግደው እዚያው መስጊድ ነው።

«መፈረሙስ ቀላል ነው» አለኝ። «መጀመሪያ ግን አማናሽን አስረክቢ። ነገ ሀጂ የት ሄደች ቢሉኝ እኔ ምን አባቴ ልመልስ ነው?»

ሀጂ ዘንድ ሄድኩ። ጉዳዬን ነገርኳቸው፤ ልጄን መረቁልኝ። ከዚያ በከዘራቸው ወደ ችግኞቹ አመለከቱ።

«ቃል የገባሽልን ጥላ ነው፣ ልጄ። እዚህ ሥር ከቀትሩ ዙህር እስከ አስር ሶላት ፀሐይ ሳትነካኝ የተቀመጥኩ ቀን እረከብሻለሁ።»

ዛፎቹ ያን ጊዜ ጉልበቴ ድረስ ነበሩ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው አይደል? ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮዬ የመኪና መንገድ ነው። ቅዳሜ እሄዳለሁ፣ እሁድ እመለሳለሁ። ባቢሌ ላይ መኪናው ሲቆም ለልጄ ለውዝ እገዛለሁ፤ በመልሱ ባቢሌ ላይ ሲቆም ዓይኔን ጨፍኜ የተኛሁ እመስላለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ ልጄ በር ላይ ጠብቃ አንገቴ ላይ ትጠመጠም ነበር። እያደር ቀረ። አንድ ቅዳሜ ስገባ ከአክስቷ ጋር ምሳ እየበላች ነበር፤ ብድግ አለችና ወንበሯን ለቀቀችልኝ። ለእንግዳ እንደሚለቀቀው ማለት ነው። ጨዋ ልጅ ነች እያልኩ ተቀመጥኩ።

ዛፎቹን እወዳቸው ነበር ብዬ አላሳምርም። ጠላኋቸው። ጠዋት ጠዋት ቦዩን ስጠርግ እየረገምኳቸው ነው። በድርቁ ጊዜ መስጊዱ ራሱ ውሃ አጥሮት ዛፎቹ ቁመታቸው አልጨምር ሲል፣ የራሴን መታጠቢያ ውሃ ተሸክሜ እየወሰድኩ «ጠጡ እንግዲህ፣ የሰው ትዳር በልታችሁ አልጠገባችሁም» እላቸዋለሁ። ወተት ሻጮቹ በሶማሊኛ እየተቀባበሉ ይስቁብኛል። ኃላፊውን ስጨቀጭቀው ደግሞ አንድ ቀን «አዲጋላ ክፍት ቦታ አለ፤ ሐዲዱ ዳር አሸዋ ላይ ልላክሽ?» ብሎ አስፈራራኝ። ከጅጅጋ ይልቅ ለድሬዳዋ የሚቀርበው እሱ ነው፣ አሁኑኑ ላከኝ ስለው ቀልዴን ነው ብሎ ወደ ወረቀቱ ዞረ።

በየዓመቱ አንድ ቀን ሀጂን እጠራቸዋለሁ። መስገጃቸውን አንጥፈው ይቀመጣሉ፤ እኔ ከፊታቸው ቆሜ እጠብቃለሁ። ፀሐይ በቅጠሉ መሐል ሾልካ ትከሻቸው ላይ ታርፋለች።

«ገና ነው» ይላሉ።

«ሀጂ፣ እርስዎ የሚፈልጉት ጥላ አይደለም፣ ድንኳን ነው።»

ይስቃሉ። እኔ አልስቅም። አንድ ነገር ግን መካድ አልችልም፤ እንደ አማናው የጠበቀ ዘበኛ አልነበረም። በሌላው መንገድ የተከልኩትን ፍየል ይግጠዋል፣ አህያ ይታሰርበታል፣ ቅርንጫፉ ለማገዶ ይሰበራል። እነዚህን ግን ፋቲሃ ተቀርቶባቸዋል እየተባለ ማንም ንክች አያደርጋቸውም። የጭነት መኪና ነጂ አንዱን ሲሸራርፍ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ ይቅርታ ጠይቆኛል።

በመጨረሻ ቀኑ ደረሰ። ሀጂ ዙህርን ሰግደው ተቀመጡ፤ አስር እስኪደርስ ፀሐይ አልነካቻቸውም። ወተት ሻጮቹም በዛፎቹ ሥር ተደርድረው ነበር። ሽማግሌዎቹ ተጠሩ። ሀጂ እጄን ይዘው «ተቀብያለሁ፣ ከአማናው ነፃ ነሽ» አሉ። ያን ምሽት ለልጄ ደውዬ ጠቅልዬ መምጣቴ ነው አልኳት። ኃላፊውም መልቀቂያዬን ፈረመ።

ዕቃዬን እየሸከፍኩ ሳለሁ መንገድ ለማስፋት ሰዎች መጥተው ግንዶቹን በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉባቸው። ሮጬ ኃላፊው ዘንድ ገባሁ።

«ምን ላድርግ?» አለኝ፤ ዓይኔን ግን አላየም። «ፋቲሃ ያለበትን ዛፍ እኔ አላስነካም ነበር። አሁን እኮ ከአማና ወጥተዋል። የመንገድ ዳር ዛፍ ናቸው።»

እኔ ነኝ ያወጣኋቸው። በማን ላይ እንደምጮህ አላወቅሁም። ከማዶ ያለውን የትልቅ ሰው ባዶ አጥር ቢገፉት መንገዱ ይሰፋል፤ እሱን ለመንካት ግን ብዙ ደጅ መጥናት አለበት። ዛፍ መቁረጥ ይቀላል።

ሀጂ የሰፈሩን ወንዶች ከዛፎቹ ሥር ሰበሰቡ። ሰጪ የራሱን አማና አይይዝም፣ ዛፎቹን እንደገና በአማና የሚረከብ ሌላ ሰው ይነሣ አሉ። ማንም አልተነሣም። ሱቃቸው ሰፊ መንገድ ላይ ሊወጣላቸው ነው፤ ማን ይፈርድባቸዋል? መሬት መሬት ያያሉ። ወተት ሻጮቹ ዕቃቸውን አቅፈው ከኋላ ቆመዋል፤ እነሱ የሚያዩት እኔን ነው።

ሀጂ ገባቸው መሰል ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ሂጂ» አሉኝ። «ልጅ አለሽ። ማንም አይወቅስሽም።»

እውነታቸውን ነው፤ ማንም አይወቅሰኝም ነበር። አቧራዬን አራግፌ መሄድ እችል ነበር። ግን ልጄን ያስከፈሉኝ እነዚህ ዛፎች ናቸው። እነሱም ከተቆረጡ፣ እነዚያ ሁሉ ቅዳሜና እሁዶች የት ገቡ ልላት ነው? ይህን ሳስብ እጄ ተዘርግቶ ነበር። ሀጂ ፋቲሃውን ጀመሩ። ሲያበቁ ቢሮ ተመልሼ መልቀቂያውን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። ኃላፊው ለመንገድ ሠሪዎቹ ደውሎ ዛፎቹን እንዳይነኩ ነገራቸው።

ድሬዳዋ ደወልኩ። ያነሣችው ልጄ ነች።

«እማዬ፣ ተነሣሽ?»

«አልመጣም፣ ልጄ። ዘንድሮም አልሆነልኝም።»

አላለቀሰችም፤ ለምን ብላም አልጠየቀችኝ። ትንፋሿን እየሰማሁ ጠበቅሁ። ንጹሕ ነው፣ አያፏጭም።

«እሺ» አለች። «ቁም ሳጥኑን ግማሹን ላንቺ ብዬ አራግፌው ነበር። ልብሴን ልመልሰው?»

«መልሺው» አልኳት።